ቋንቋው ለምን ተፈለገ?

ቤይሩት አራት ዓመት ሠርታ የተመለሰች ወጣት ዓረብኛውን እንደ ውሃ ጠጥታዋለች፤ ፊደሉን ግን ላትለይ ትችላለች። ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ እንግሊዝኛ የተማረ ወንድሟ ሰዋስዉን ያውቃል፤ መንገድ የጠፋበት ቱሪስት ሲያናግረው ግን ላብ ያጠምቀዋል።

ማን ቋንቋ ቻለ? ሁለቱም፣ እኩል እኩል። እሷ የለመደችው የሊባኖስ መነጋገሪያ ነው፤ ውልና ጋዜጣ የሚጻፍበት መደበኛ ዓረብኛ ከዚያ ይለያል። ስለዚህ የምትፈርመውን ወረቀት ማንበብ ከፈለገች ፊደል መቁጠር አለባት። እሱ የሚያስፈልገው ሌላ የሰዋስው መጽሐፍ ሳይሆን የሚያናግረው ሰው ነው።

ዘዴውም እንደ ተማሪው ይለያያል። በእስራኤል እ.ኤ.አ. በ1949 የተጀመረው ኡልፓን የተባለ የአዲስ ገቢዎች የቋንቋ ትምህርት ቤት ዕብራይስጥን በራሱ በዕብራይስጥ ያስተምራል። ብዙዎችን አግባብቷል። ከጎንደር ገጠር ለሄዱ፣ በየትኛውም ቋንቋ ማንበብ ላልጀመሩ አዛውንቶች ግን ደብተርና ሰሌዳው ራሱ ሌላ ባዕድ ቋንቋ ነበር። ለአንዱ የሠራ ዘዴ ለሁሉም አይሠራም።

«በሦስት ወር አቀላጥፈው ይናገሩ» የሚለው የቋንቋ ትምህርት ቤቶች ማስታወቂያስ? የአሜሪካ ውጭ ጉዳይ መሥሪያ ቤት ዲፕሎማቶቹን ሲያሠለጥን ለአማርኛ 44፣ ለዓረብኛ 88 ሳምንታት ያህል ይመድባል፤ ያውም ትምህርቱ የሙሉ ጊዜ ሥራቸው ሆኖ! ከሥራ መልስ በሳምንት ሦስት ቀን የሚማር ሰው ሒሳቡን ራሱ ይሥራው።

ለመመዝገብ ያሰበ አንባቢ ክፍያ ከመፈጸሙ በፊት አንድ ክፍለ ጊዜ ገብቶ እንዲያይ ይጠይቅ። ከኋላ ተቀምጦም መምህሩ ስንት ደቂቃ፣ ተማሪዎቹ ስንት ደቂቃ እንደተናገሩ ይቁጠር።