መብራት ገዝቼ ዓይን ላጠፋ ነበር

ዛሬ ከወረታ አካባቢ ለጻፉልን ጠያቂ መልስ ይዤ ቀርቤአለሁ። «አባቴ ለሩዝ ማሳ የሚሠራበት ትራክተር አለው፤ እኔ ደግሞ አይሱዙ እነዳለሁ። ለሁለታችንም ኪስ የማይጎዳ የኤልኢዲ ባር ይምረጡልኝ» ይላሉ።

ጠያቂያችን ዕድለኛ ናቸው፤ እኔ ቀድሜያቸው ተሞኝቻለሁና።

ታናሽ ወንድሜ ሐሙሲት ላይ ባጃጅ ይሠራል። አምና አንድ ባር ገዛሁለት። ካርቶኑ ላይ በትልቁ «120 ዋት» ይላል፤ ዋጋው ከሌሎቹ በግማሽ ይረክሳል። ሻጩ አብርቶ ሲያሳየኝ የሱቁ ግድግዳ ቀን መሰለ። ምን ልከራከር? ከፍዬ ወጣሁ።

የዚያኑ ሳምንት ሐሙስ ገበያው ተበትኖ፣ ጨለም ሲል ወደ ጉማራ መስመር ወጣን። እኔ ከኋላ ተቀምጫለሁ። ወንድሜ ባሩን ለቀቀው። ከፊታችን አንድ አዛውንት አህያቸውን እየነዱ ይመጡ ነበር። ብርሃኑ ሲመታቸው ፊታቸውን በጋቢያቸው ሸፈኑ። አህያዋ ደንብራ አስፋልቱ መሀል ገባች። ከኋላችን የሚመጣ ሚኒባስ በስንት ፍሬን ለጥቂት ሳታት። ሽማግሌው ቀረብ ብለው፣ «እናንተ ልጆች! እናንተ እንድታዩ እኛ እንታወር እንዴ?» አሉን። «ይቅር ይበሉን አባባ» ከማለት በቀር መልስ አልነበረንም።

በማግስቱ ኤሌትሪሻን ዘንድ ወሰድነው። በቴስተር ቢለካው የሚስበው 2.5 አምፔር ብቻ ነው። በ12 ቮልት ሲባዛ 30 ዋት ይሆናል። ካርቶኑ በአራት እጥፍ ዋሽቷል ማለት ነው። የሚገርመው ግን፣ ያቺው 30 ዋትም የሰው ዓይን ለማጨለም አላነሰችም።

እንግዲህ ለመግዛት ሲወጡ ቴስተር የያዘ ሰው አብሮዎት ይሂድ። ዋት ማለት ቮልት ሲባዛ በአምፔር ነው። እውነተኛ 120 ዋት በ12 ቮልት 10 አምፔር፣ በ24 ቮልት 5 አምፔር ይስባል። ቮልቱንም ያስተውሉ፤ ባጃጅ 12 ሲሆን የአይሱዙ ጭነት መኪና ግን 24 ነው። «ከ10 እስከ 30 ቮልት» የሚል ባር ለሁለቱም ይሆናል።

ቀጥሎ በእጅዎ ይመዝኑት። ኤልኢዲን የሚገድለው ሙቀት ነው። ከጀርባው ወፈር ያለ፣ ክንፍ ክንፍ የወጣለት አሉሚኒየም ያለው ይሻላል፤ እንደ ቆርቆሮ የቀለለውን ይተዉት። «አይፒ 67» የሚል ጽሑፍ ካለ፣ 6ቱ አቧራ አያስገባም፣ 7ቱ ደግሞ አንድ ሜትር ውሃ ውስጥ ለ30 ደቂቃ ይቆያል ማለት ነው። ይህም እንደ ዋቱ ሊዋሽ ስለሚችል የመስተዋቱን ዙሪያ ጎማና ሽቦው የሚገባበትን ቀዳዳ በዓይንዎ ይዩ። የፎገራ ጭቃ ካርቶን አያነብም።

ሽቦውን ከፊት መብራቱ ላይ ቀጥሎ መውሰድ እሳት መጥራት ነው። ከባትሪው በቀጥታ፣ በፊውዝና በሪሌ ይምጣ። 3 አምፔር ለሚስብ ባር የ5 አምፔር ፊውዝ ይበቃል።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። የመኪና አጭር መብራት የተሠራው ብርሃኑ ወደ ላይ እንዳይወጣ ተቆርጦ ነው። ባር ይህ የለውም፤ ያገኘውን ሁሉ ይመታል። በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር የሚሄድ መኪና በሰከንድ 17 ሜትር ያህል ይጓዛል። ከፊት የሚመጣው ሹፌር ዓይኑ ለሦስት ሰከንድ ከጨለመ፣ 50 ሜትር በጭፍኑ ወደ እርስዎ እየመጣ ነው ማለት ነው።

ስለዚህ ምርጫዬ ይኸው፦ ለአባትዎ ይግዙላቸው። ለማሳ የሚሆነው ሩቅ የሚወረውረው ሳይሆን ሰፋ አድርጎ በቅርብ የሚያበራው ነው። አስፋልት ላይ ሲወጡ ግን ያጥፉት። ለእርስዎ አይሱዙ አይግዙ። በዚያው ገንዘብ የደበዘዘውን የፊት መብራት መስተዋት ያስወልውሉ፣ ደህና አምፖል ያስገቡ፣ አቅጣጫውን ያስተካክሉ። ከደብረ ታቦር ወደ ነፋስ መውጫ ሲሄዱም የጉና ጉም ከያዘዎት ጣሪያ ላይ ያለ ባር ብርሃኑን መልሶ ወደ ራስዎ ዓይን ይረጨዋል። ለጉም የሚሆነው ዝቅ ብሎ የታሰረ ሰፊ የጉም መብራት ነው።

የወንድሜ ባር የት ደረሰ ካላችሁ፣ ከባጃጁ ወርዶ አሮጌ ባትሪ ላይ ተቀጥሏል። መብራት በጠፋ ቁጥር እናታችን ቤት ያበራል፤ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙረነዋል።

ሳምንት በሌላ ጉዳይ እስክንገናኝ፣ ቸር ሰንብቱ።