ለእንቁጣጣሽ የሚደርስ አበባ

አገር ቤት አደይ አበባ በክረምቱ ዝናብ ይበቅላል፤ መስከረም ላይ ሜዳውን ቢጫ ያደርገዋል። እኔ እዚህ በምትኩ የሱፍ አበባ እዘራለሁ። እሱም ቢጫ ነው፤ ለጀማሪም አያስቸግርም።

ብዙ ሰው ሚያዝያ ላይ ይዘራል። ያ አበባ ግን እንቁጣጣሽ ሲመጣ ደርቋል። ስለዚህ ወደ ኋላ ቁጠሩ። በስንት ቀን እንደሚያብብ የዘሩ ፓኬት ላይ ተጽፏል። 60 ቀን የሚል ከሆነ፣ ከሴፕቴምበር 11 ወደ ኋላ ስትቆጥሩ ጁላይ 13 ላይ ትደርሳላችሁ፤ በእኛ ሐምሌ 6 ማለት ነው። እኔ አንዱን ሳክሲያ ሳምንት ቀድሜ፣ ሌላውን በቀኑ እዘራለሁ። አየሩ አይታመንማ!

አጭር ዝርያ ምረጡ፤ ረጅሙን በረንዳ ላይ ንፋስ ይጥለዋል። ለመክሰስ የሚሸጠው የተቆላ ፍሬ አይበቅልም። ከታች ቀዳዳ ያለው ሳክሲያ ውስጥ ለስላሳ አፈር ሙሉ፤ ዘሩን ከ2 እስከ 3 ሳንቲሜትር ወደ ውስጥ ቅበሩት። አፈሩ እርጥብ ይሁን፤ ጭቃ ግን አይሁን። ብዙውን ጊዜ ከ7 እስከ 10 ቀን ውስጥ ብቅ ይላል። ከዚያ በኋላ ፀሐይ በደንብ የሚያገኝበት ቦታ አስቀምጡት።

ዱባይ ወይም ሪያድ ያላችሁ፣ የሐምሌው ሙቀት ይከብደዋል። ጥቅምት ላይ ዝሩና ለገና አድርሱት።

የበዓሉ ዕለት ጠዋት፣ ፀሐይ ሳትበረታ፣ ግንዱን ረዘም አድርጋችሁ ቁረጡና ውሃ ውስጥ ክተቱት። ለአያታችሁ ስትሰጡ በሁለት እጅ ነው።