እጅ የሚያውቀው ቦታ

አበው «ከመጠምጠም መማር ይቅደም» ሲሉ የተናገሩት ለአብራሪም ይሠራል።

በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ዘመን የበረራ ሠልጣኝ ወደ ሰማይ ከመውጣቱ በፊት ዓይኑ በጨርቅ ተሸፍኖ በአብራሪው መቀመጫ ላይ ይቀመጥ፣ መምህሩ የጠራለትን መሣሪያ ሁሉ በእጁ ዳስሶ እንዲያገኝ ይታዘዝ ነበር። ይህ ልምምድ ፍሬ የሚሰጠው ግን መሣሪያው በተማረበትም ሆነ በሚበርበት አውሮፕላን ላይ ቦታውን ሳይለውጥ ሲገኝ ነው።

ከ15,000 በላይ የተመረተው የአሜሪካው ቲ 6፣ እንዲሁም በ1938 ዓ.ም. ለመጀመሪያ ጊዜ የበረረውና የአገራችን አየር ኃይል በቢሾፍቱ አብራሪዎቹን ያሠለጠነበት የስዊድኑ ሳፊር ዛሬ በግል ባለቤቶች እጅ ይበራሉ። ከእነርሱም ጎን ባለቤቶች በገዛ እጃቸው የሠሯቸው አውሮፕላኖች አሉ። የአሜሪካ ሕግ አብዛኛውን ሥራ ራሱ ለሠራ ሰው ይህን ይፈቅዳል፤ ሆኖም አውሮፕላኑ የመደበኛውን የደኅንነት ደንብ እንደማያሟላ ለተሳፋሪ የሚገልጽ ጽሑፍ እንዲለጠፍበት ያዛል።

የማስጠንቀቂያውን ክብደት የአቀንቃኙ የጆን ዴንቨር ፍጻሜ ያስረዳል። ዴንቨር ከ2,700 ሰዓት በላይ የበረረ ሰው ነበር። ሌላ ሰው የሠራውን ሎንግ ኢዜድ የተባለ አውሮፕላን በተረከበ ማግሥት፣ ጥቅምት 2 ቀን 1990 ዓ.ም.፣ በካሊፎርኒያ ጠረፍ ባሕር ላይ ወድቆ ሞተ። ሠሪው የነዳጅ ቧንቧ ወደ አብራሪው ክፍል እንዳይገባ በማሰብ፣ በንድፉ ከአብራሪው ፊት የነበረውን የነዳጅ መቀያየሪያ ከግራ ትከሻው በስተኋላ አዛውሮት ነበር። ዴንቨር መቀያየሪያው ለእጅ እንደማይመች ያውቅ ነበር፤ ከመነሣቱ በፊት ነዳጅ ይጨመር ቢባልም፣ የምበረው ለአንድ ሰዓት ያህል ነው በማለት አልተቀበለም። መርማሪዎች እንደ ደመደሙት፣ ወደ ኋላ ዞሮ መቀያየሪያውን ለማዞር ሲታገል ሳያስበው የቀኙን የእግር መርገጫ ተጫነ፤ አውሮፕላኑም ከቁጥጥሩ ውጭ ሆነ።

እንግዲህ የብዙ ሰዓት በረራ ብቻውን አያድንም። በጦር ሠራዊት ውስጥ ንድፉን የሚጠብቅ መሐንዲስ፣ የሚመረምር መካኒክና የሚከለክል አዛዥ አለ። የግል አብራሪ ግን የሦስቱንም ኃላፊነት በራሱ ትከሻ ላይ ይሸከማል።

ነገሩ ከቤታችንም የራቀ አይደለም። መብራት በጠፋ ሌሊት እናት ክብሪቱን ሳትደናበር የምታነሣው ሁልጊዜ ከአንድ ቦታ ስለምታኖረው ነው። አንዱ የቤተሰብ አባል ሳይናገር ቢያነሣው ግን ቤቱ ሁሉ በጨለማ ይደናበራል። ስለዚህ ያዛወረ ይናገር፤ የተረከበም ገና በምድር ሳለ ይዳስስ።