ምንጭ የሌለው ብርሃን

ኪነ ጥበብ እውነትን ለማሳየት ቃል በገባበት ቦታ ሁሉ በእውነት ፊት ተጠያቂ ነው። ይህ ግዴታ ለተውኔትና ለልብ ወለድ ብቻ የተሰጠ ሳይሆን፣ ዛሬ በኮምፒውተር የሚሳለውን የቤት ውስጥ ትዕይንትም ይመለከታል። ይህ አዲስ ሥዕል በየግንባታው አጥር ላይ ተሰቅሎ ያልተሠራውን ቤት እንደ ተሠራ አድርጎ ያሳያል። ስለ ብርሃኑና ስለ ጥላው የሚጠይቅ ሐያሲ ግን እምብዛም ነው።

በዚህ ረገድ ሁለት የተሳሳቱ አስተያየቶች ይሰነዘራሉ። አንደኛው፣ ከእጅ ያልወጣ ሥዕል ኪነ ጥበብ አይባልም የሚለው ነው። ሁለተኛው፣ መሣሪያው ራሱ ብርሃኑን ስለሚያሰላ ሠዓሊው ቁልፍ መጫን ብቻ ይበቃዋል የሚለው ነው። የመጀመሪያው መሣሪያውን አያውቅም፤ ሁለተኛው ብርሃንን አያውቅም።

እ.ኤ.አ. በ1984 በአሜሪካ የኮርኔል ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ብርሃን ከግድግዳ ወደ ግድግዳ እየነጠረ ክፍልን እንዴት እንደሚሞላ የሚያሰላ ዘዴ አቀረቡ። በ1986 ደግሞ ጄምስ ካጂያ ጉዳዩን በአንድ አጠቃላይ እኩልታ ጠቀለለው። ብሌንደር የተባለው ፕሮግራም በ2002 በነፃ ከተለቀቀ ወዲህ፣ ይህ ዕውቀት ኮምፒውተር ላገኘ የቦዲቲ ተማሪም ክፍት ሆኗል። ይሁን እንጂ እኩልታው የሚያሰላው የሰጡትን ብቻ ነው። የፀሐይን ቦታ፣ የመስኮቱን ስፋት፣ የግድግዳውን ቀለም የሚወስነው ሰው ነው።

ቦዲቲን ለአብነት እንውሰድ። ከተማይቱ ከምድር ወገብ በስተሰሜን 7 ዲግሪ ገደማ ላይ ትገኛለች። ስለዚህ ፀሐይ በዓመት ሁለት ጊዜ፣ በመጋቢት መጨረሻና በነሐሴ መጨረሻ ገደማ፣ በቀትር ከአናት በላይ ትቆማለች፤ ምሰሶ ጥላውን ከእግሩ ሥር ይሰበስባል። በሰኔ የቀትር ጥላ ወደ ደቡብ፣ በታኅሣሥ ወደ ሰሜን ይወድቃል። በሰሜን አውሮፓ ግን የቀትር ጥላ ዓመቱን ሙሉ ወደ ሰሜን ነው፤ በክረምታቸውም ፀሐይ ዝቅ ብላ በመስኮት እስከ ክፍሉ ማዶ ትዘልቃለች። ያን ዝግጁ ብርሃን ቀድቶ በሰኔ ቀትር የቦዲቲን ሳሎን ከዳር እስከ ዳር የሚያቋርጥ የፀሐይ ሰንበር የሚስል ሰው፣ የባዕድ ሰማይ በቤታችን ላይ እየዘረጋ ነው።

ወደ ጎጆውም እንግባ። በጥንታዊው የወላይታ ሣር ቤት ውስጥ ሰውና ከብት አንድ ጣሪያ ይጋራሉ። የቀን ብርሃን በዋናነት በበሩ ይገባል፤ ሌላው ምንጭ ምድጃው ነው። ጣሪያው በዓመታት ጢስ ጠቁሯል። ነጭ ቀለም የተቀባ ግድግዳ ከሚደርሰው ብርሃን 80 በመቶ ያህሉን ይመልሳል፤ ሦስት ጊዜ ነጥሮም ግማሹ ይተርፋል። ጥላሸት የሚመልሰው 5 በመቶ ቢሆን ነው፤ ሦስት ጊዜ ሲነጥር የሚተርፈው ከ10,000 አንድ እጅ ያህል ነው። እንግዲህ የዚህ ጣሪያ ጨለማ የቤቱ ታሪክ እንጂ ጉድለቱ አይደለም። የከተማ ሳሎን ብርሃን ማልበስ ጢሱንም፣ እሳቱንም፣ እሳቱን የሚያነዱትንም መካድ ነው።

የቆርቆሮ ቤትም የራሱ ሕግ አለው። ፀሐይ ከአናት በላይ ስትሆን በአሮጌ ጣሪያ የምስማር ቀዳዳ የሚገባው ጨረር፣ ከ3 ሜትር ቁመት ወርዶ ወለሉ ላይ 3 ሳንቲ ሜትር ገደማ የሚሆን ክብ ይሠራል። ቀዳዳው የተቀደደ ቢሆን እንኳ ነቁጡ ክብ ነው፤ የፀሐይ የራሷ መልክ ነውና። ይህን አስተውሎ ያልሳለ፣ ቤቱን አየሁት ሊል አይችልም።

ብዙ ሠዓሊዎች ጨለማውን ሲፈሩ ከዕይታ ውጭ የተደበቀ መብራት ይጨምራሉ። ምንጭ የሌለው ብርሃን የሚመጣው ከዚህ ነው። በመድረክም መብራት ይደበቃል ይሉን ይሆናል። እርግጥ ነው፤ ነገር ግን የቴአትር ተመልካች መድረክ ፊት መቀመጡን ያውቃል፤ ቤት ገዢው ግን ሥዕሉን እንደ ውል ይመለከተዋል። ባልና ሚስት ከደመወዛቸው ቆጥበው የሚከፍሉት ፀሐይ ከየአቅጣጫው ለሚገባበት ሳሎን ነው፤ የሚረከቡት ግን ጎረቤት ሕንፃ የጋረደውን፣ በቀን መብራት የሚበራበትን ክፍል ሊሆን ይችላል። ከዚህ ላይ ጥላን መሰረዝ የውበት ጉዳይ መሆኑ ቀርቶ የሰው ገንዘብ ጉዳይ ይሆናል።

የጥንት የቤተ ክርስቲያን ሠዓሊዎቻችንስ ወለል ላይ የወደቀ ጥላ መቼ ሣሉ? የሚል መከራከሪያ ይቀርብ ይሆናል። እነርሱ የቀኑን ሰዓት ሊነግሩን ቃል አልገቡም፤ ስለዚህ ቃል አላፈረሱም። የዛሬው ሥዕል ግን «እውነተኛውን ቤት እነሆ» ብሎ የተነሣ ስለሆነ በገዛ ቃሉ ይመዘናል።

ታዲያ ምን ይደረግ? መምህሩ ተማሪውን ከኮምፒውተሩ በፊት ወደ ደጅ ያውጣው፤ አንድ ዘንግ አስተክሎ ጥላውን በየሰዓቱና በየወሩ ያስለካው። ሠዓሊው በሥዕሉ ግርጌ ወሩን፣ ሰዓቱንና የመስኮቱን አቅጣጫ ይጻፍ። ቤት ሻጩም የጎረቤቱን ሕንፃ ከሥዕሉ አያውጣ። ሐያሲው በበኩሉ በእያንዳንዱ ሥዕል ፊት ቆሞ አንድ ጥያቄ ይጠይቅ፤ ይህ ብርሃን ከየት መጣ? መልስ የሌለው ሥዕል ከአጥሩ ላይ ይውረድ።