የእናቴን የጫት ብር ለኮምፒውተር ኮርስ ላውጣው ወይ?

የዛሬዋ ጠያቂያችን ከጭሮ ናት፤ አዛውንቶቹ ዛሬም አሰበ ተፈሪ ከሚሏት ከተማ። ሐረማያ ዩኒቨርሲቲ የአንደኛ ዓመት የምህንድስና ተማሪ ስትሆን ለሴሚስተር ዕረፍት እቤቷ ገብታለች። እናቷ ከገለምሶ የሚመጣ ጫት እየቸረቸሩ ነው ያሳደጓት። ደብዳቤዋን አሳጥሬ አቀርበዋለሁ።

«ፕሮግራሚንግ ገና ስሙን ስሰማ ያስፈራኛል። የዶርም ጓደኞቼ ከልጅነታቸው ጀምሮ ኮምፒውተር ነክተዋል፤ እኔ ኪቦርድ ላይ ፊደል የምፈልገው በአንድ ጣት ነው። እዚህ አንድ ማሠልጠኛ ‹ፓይተን፣ ጃቫ፣ ሲ ፕላስ ፕላስና ዌብሳይት በሁለት ወር፣ ከነሰርተፊኬቱ› ብሎ ለጥፏል። ዘጠኝ ሺህ ብር ነው። እማዬ ‹ለትምህርትሽ ከሆነ ከዕቁቡ አወጣለሁ› ብላለች። አጎቴ ደግሞ ‹በኢንተርኔት በነጻ ሞልቶ!› ይላል። ሶፍትዌር ኢንጂነሪንግ ካልደረሰኝ ምን ይውጠኛል?»

እኅቴ፣ የእናትሽን ዕቁብ አትንኪው። በሁለት ወር አራት ነገር ማለት ኦሮምኛ፣ አማርኛ፣ ሶማሊኛና ዓረብኛ በአንድ ክረምት እንደማስተማር ነው። ጭሮ ገበያ ላይ ሦስቱን የሚቀላቅል ነጋዴ አይጠፋም፤ እሱ ግን ዕድሜ ልኩን ሲገበያይበት የኖረ ሰው ነው። ደግሞስ የሴሚስተር ዕረፍትሽ መቼ ሁለት ወር ሞላና?

አጎትሽ ያሉት እውነትነት አለው። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. አገራችን ከተባበሩት ዓረብ ኤምሬቶች ጋር የጀመረችው የአምስት ሚሊዮን ኮደሮች ሥልጠና በነጻ፣ ከነሰርተፊኬቱ የቀረበ ነው። የሃርቫርዱ ሲኤስ 50 የተባለው ኮርስም እንዲሁ በነጻ ይገኛል፤ በስዕል ብሎክ ጀምሮ ወደ ሲ፣ ቀጥሎም ወደ ፓይተን ይሻገራል። ነገር ግን መምህሩ በእንግሊዝኛ ይፈጥናሉ፣ ቪዲዮው የኢንተርኔት ጥቅል ይበላል፣ ስትሳሳቺም አጠገብሽ ሰው የለም። ነጻ ኮርስ ጀምሮ ሦስተኛው ትምህርት ላይ የተወ ስንቱ ነው!

ታዲያ በየትኛው ትጀምሪ? ዛሬውኑ ለአንድ ሁለተኛ ዓመት ተማሪ ደውዪና የአምናውን የኮርስ አውትላይን በስልክ ፎቶ አንስቶ ይላክልሽ። በአገራችን የምህንድስና ትምህርት ለረጅም ጊዜ የተለመደው ሲ ፕላስ ፕላስ ነው። አውትላይኑም እሱን ካለ በእሱ ጀምሪ። ፓይተን ይቀላል የሚሉሽ አልዋሹም፤ ፈተና የምትቀመጪው ግን በሌላው ነው። አንድ ምሳሌ ልስጥሽ። 7ን ለ2 ስታካፍዪ ፓይተን 3.5 ይልሻል። ሲ ፕላስ ፕላስ ግን ሁለቱንም ሙሉ ቁጥር ናቸው ብለሽ ካስመዘገብሻቸው 3 ብሎ ዝም ይላል። ስህተት አለ እንኳ አይልሽም። የተማሪ ማርክ የሚያልቀው እንዲህ ባለችው ነገር ነው።

ላፕቶፕ የለኝም ብለሽ አትጨነቂ። ለአንድሮይድ ስልክ የተሠሩ፣ አንዴ ካወረድሻቸው በኋላ ያለ ኢንተርኔት የሚሠሩ የሲ ፕላስ ፕላስ መጻፊያዎች አሉ። መብራት ሲጠፋም ደብተር ላይ ጻፊ፤ ፈተናው ራሱ በወረቀት የሚሰጥበት ጊዜ ብዙ ነው። ቻትጂፒቲ ይጻፍልኝ ካልሽ ይጽፍልሻል፣ ፈተና ክፍል ግን አብሮሽ አይገባም።

መልመጃውን ከእናትሽ ንግድ ውሰጂ። ስንት እስር ተገዛ፣ በስንት ተገዛ፣ ስንቱ ተሸጠ፣ ስንቱ ጠወለገ? ፕሮግራሙ የዕለቱን ትርፍ ወይም ኪሳራ ይንገራችሁ። ይሄ ሲሆንልሽ የሰባት ቀን ሒሳብ አሠሪው፤ መምህራኑ ሉፕ የሚሉት እሱን ነው። ከዚያ ከሰባቱ ቀን የበለጠ የተሸጠበትን ይፈልግልሽ፤ ለዚህ የሚያገለግለው ደግሞ አሬይ ይባላል። እነዚህን ሦስቱን ከማንም ሳትገለብጪ ከጻፍሽ፣ ክፍል ስትገቢ መምህሩ የሚናገሩት እንግዳ አይሆንብሽም።

ምደባን በሚመለከት፣ የሚታየው የአንድ ኮርስ ውጤት ብቻ አይደለም። ለኮዱ ብለሽ ሒሳብና ፊዚክሱን እንዳትጥዪ። በቀን አንድ ሰዓት ለኮዱ ይበቃሻል።

የለም፣ ብር መውጣቱ አይቀርም ካላችሁም ለሰርተፊኬት አይሁን። ጭሮ ኦዳ ቡልቱም ዩኒቨርሲቲ ያለባት ከተማ ናት፤ የኮምፒውተር ትምህርት የገፋ ተማሪ ፈልጊና በሳምንት ሁለት ቀን አጠገብሽ ተቀምጦ የጻፍሽውን ይረምልሽ። ለእሱ የሚከፈለው ከዘጠኝ ሺህ በብዙ ያነሰ ይሆናል። ለመልመጃው ሒሳቡን ስትጠይቂያቸው ግን፣ እናትሽ የከሰሩበትን ቀን እንዳይደብቁሽ ንገሪያቸው።