ከዶሮዋ በፊት ቤቷ ይታይ

የሌማት ትሩፋት መርሐ ግብር በ2015 ዓ.ም. ከተጀመረ ወዲህ የተሻሻሉ ዝርያ ዶሮዎችን ማርባት በገጠርም በከተማም እየተለመደ መጥቷል። በወረዳ ሪፖርት ላይ ጎልቶ የሚታየው ግን የተሰራጨው የጫጩት ብዛት ነው። ዶሮዋ የምታድርበት ቤት በአንድ መስመር ሲጠቀስ እንኳ እምብዛም አይታይም። ይህ ሊታረም ይገባዋል።

በየከተማው ብረታ ብረት ቤቶች ባለ ሁለትና ባለ ሦስት ደርብ የሽቦ ኬጅ ይሠራሉ። ገዢው በቅድሚያ የሚጠይቀው «ስንት ዶሮ ይይዛል?» ብሎ ነው። መቅደም ያለበት ግን «አንዷ ዶሮ ምን ያህል ቦታ ታገኛለች?» የሚለው ነው። የአውሮፓ ኅብረት ቆጥና እንቁላል መጣያ የሌለውን ባዶ ኬጅ ከ2012 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ሲከለክል፣ በኬጅ ለምትያዝ እንቁላል ጣይ ዶሮ ቢያንስ 750 ካሬ ሴንቲ ሜትር እንዲመደብ ደንግጓል። በዚህ ልክ ርዝመቱ 1 ሜትር፣ ስፋቱ 50 ሴንቲ ሜትር የሆነ ክፍል ከ6 ዶሮ በላይ አይችልም። 10 እና 12 ሲታጎሩበት እርስ በርስ ይነካከሳሉ፣ ላባ ይነቃቀላሉ፤ አንዷ ስትታመም በሽታው ለሁሉም ይዳረሳል።

ከስፋቱ ሌላ መታየት ያለባቸው ነገሮችም አሉ። የወለሉ ሽቦ እግር የሚያሾልክ ወይም ጫፉ የሚወጋ መሆን የለበትም። የላይኛው ደርብ ኩስ በታችኞቹ ላይ እንዳይወርድ መቀበያ ዝርግ ያስፈልጋል። ቤቱ አየር የሚያስገባ፣ ሸለምጥማጥ ግን የማያሾልክ ይሁን። በር ሲከፈት ሽታው ዓይን የሚቆጠቁጥ ከሆነ ዶሮዎቹ ሌሊቱን ሙሉ ሲተነፍሱት ያደሩት ያንኑ ነው።

ከሁሉም በላይ ኬጅ ለሁሉም አርሶ አደር አይመጥንም። ኬጅ ውስጥ ያለች ዶሮ ጭራ አትበላም፤ የምትኖረው በሚቀርብላት መኖ ብቻ ነው። የተመጣጠነ መኖ ዘወትር መግዛት ለማይችል ቤተሰብ ኬጁ ዕዳ ይሆንበታል። ለእሱ የሚሻለው በአካባቢው እንጨትና ጭቃ የተሠራ፣ መስኮቱ በሽቦ የተወጠረ፣ ቆጥና ደረቅ ጉዝጓዝ ያለው ቤት ነው፤ ቀን ቀን ዶሮዎቹ ግቢ ወጥተው ይጭራሉ።

«ቤት ይቅደም ከተባለ ሥርጭቱ ይዘገያል» የሚሉ አይጠፉም። ይሁን እንጂ ቤት ሳይኖራት የተሰጠች ዶሮ ብትሞት ኪሳራው የሚያርፈው ገንዘቡን በከፈለው ቤተሰብ ላይ ነው። የቀበሌው የእንስሳት ባለሙያ ጫጩት ከመረከቡ በፊት ሜትር ይዞ እያንዳንዱን ቤት ይጎብኝ፤ ያልተሟላለት ተመዝጋቢ አሟልቶ በሚቀጥለው ዙር ይውሰድ። ወረዳውም ካሰራጨው ጫጩት ጎን ከስድስት ወር በኋላ በሕይወት ያሉትን ዶሮዎች ቆጥሮ ሪፖርት ያድርግ። የሥራው ውጤት የሚታወቀው ያኔ ነው።