ዱላ መያዝና ዱላ ማወቅ

በቢቸናና በሞጣ አገር ወንድ ልጅ ከብት መጠበቅ ከጀመረበት ቀን አንሥቶ በትር ከእጁ አይለይም። ካደገም በኋላ ወደ ገበያም ሆነ ወደ ሠርግ ሲሄድ ዱላውን በትከሻው አጋድሞ ነው። አባት ለልጁ ዱላ ቈርጦ ይሰጠዋል፤ አያያዙን የሚያስተምረው ግን ስንቱ ነው? እኛ በፍርድ ቤት ጸሐፊነታችን ደጋግመን የጻፍነው ነገር ቢኖር፥ በመጠጥ ሞቅታ ወይም በድንበር ጠብ አንድ ጊዜ የተሰነዘረ ዱላ መግደልን ያላሰበውን ሰው ነፍሰ ገዳይ ማድረጉን፥ ከዚያም የሁለት ቤተ ዘመድ ደም መፈላለግ መከተሉን ነው።

ስለዚህ ዛሬ አይኪዶ ስለሚባለው የጃፓኖች ጥበብ ለቤተ ሰብ አባቶች ጥቂት ልንገልጽ ወደድን። ዘመኑን ሁሉ የምንጽፈው በፈረንጅ አቈጣጠር ነው። ጥበቡን ያቆመው ሞሪሄይ ኡዬሺባ በ1883 ተወልዶ በ1969 ሞተ። ለሚያየው ሰው አይኪዶ የባዶ እጅ ትግል ይመስለዋል፤ ሥሩ ግን ከሰይፍና ከዘንግ ነው። በባዶ እጅ ወደ ግንባር የሚሰነዘረው ምት የሰይፍ አመታት ስለ ሆነ፥ የእንጨት ሰይፍ ጨብጦ የማያውቅ ተማሪ እጁ ለምን እንዲህ እንደሚወርድ አይገባውም። መምህሩ በ1942 ወደ ኢዋማ ሄዶ ተቀመጠ፤ በ1946 ደቀ መዝሙሩ የሆነው ሞሪሂሮ ሳይቶም የእንጨት ሰይፉንና የዘንጉን ትምህርት በተራ በተራ አደራጅቶ አስተማረ። መሣሪያውን ትተው በባዶ እጅ ብቻ የሚያስተምሩም አሉ፤ እኛ ግን ከሳይቶ ወገን ነን።

ምክንያታችንም ይህ ነው። ሁለት ተማሪዎች እርስ በርሳቸው እጅ ተነሣሥተው ፊት ለፊት ይቆማሉ። አንዱ የምሩን ይሰነዝራል፤ ሁለተኛው ከምቱ መሥመር ወደ ጎን ፈቀቅ ብሎ ይገባል እንጂ አይሸሽም። የሚሰነዝረውም እንጨቱን የባልንጀራውን ራስ ሳይነካ ማቆምን ይማራል። ቀጥሎ ተራ ይለዋወጣሉ። እጅ ለእጅ ሲታገሉ ትንሽ ስሕተት ሊሸፈን ይችላል፤ በመካከል እንጨት ሲገባ ግን የአንድ ስንዝር ስሕተት ወዲያው ይታወቃል።

ነገሩ ለአገራችን ፈጽሞ እንግዳ አይደለም። በጉግስ ጨዋታ አሳዳጁ ፈረሰኛ ዘንግ ሲወረውር ሸሺው በጋሻው ይመክታል፤ ለዚህም ሥርዓት አለው። ነገር ግን ጉግስ ፈረስ ላለው ነው፤ እግረኛው ምን ይማር? ስለ አማራ ሕዝብ ልማድ «ሰምና ወርቅ» የተባለውን መጽሐፍ በ1965 ያሳተመው አሜሪካዊው ሊቅ ዶናልድ ሌቪን ራሱ አይኪዶ ዐዋቂ ነበረ፤ በ2015 እስኪሞት ድረስም ብዙ ደክሞበታል፥ በቺካጎ ዩኒቨርሲቲም አስተምሮታል። በእኛም አገር በሐዋሳ ከተማ ለወጣቶች የአይኪዶ ማስተማሪያ ቤት ተከፍቷል። ወደ ጎጃም ቢዘልቅ ደስ ባለን ነበር።

እስከዚያው ልጁን ሊያስተምር የሚወድ አባት ለገበያ የሚያዘውን ከባድ ዱላ ለመማሪያ አይስጠው። የጃፓኖቹ ዘንግ ርዝመቱ 128 ሳንቲሜትር ያህል ነው፤ ለልጅ ከመሬት እስከ ብብቱ የሚደርስ፥ ቀጥ ያለና ጉጥ የሌለው ቀላል እንጨት ይበቃዋል። በመጀመሪያ መመከቱን ያሳየው፥ ቀጥሎም የሰነዘረውን በአየር ላይ ማቆሙን፤ መምታቱ ወደ ኋላ ይደርሳል።